ጥሩምባዬና ደም ግፊቴ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ኢተያ፣ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ፤ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፤ እንዲሁም ከበሩ አጠገብ ቆማችሁ ሻዩን የምትጠባበቁ ወጣቶች፤



ጸሐፊያችን እቤቴ ድረስ መጥተው «ስለ ሥራ ልምድዎ ለሩብ ሰዓት ያህል ንግግር ያድርጉልን፤ በዓመቱ መጽሔታችንም ላይ ይወጣል» ሲሉኝ የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስናገር ሰምታችሁኛል፤ ነገር ግን አንድም ቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ ተናግሬ አላውቅም። ያውም አብዛኞቻችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ ነው የሰማችሁኝ። ደግሞም እኔ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ሰው ሞቶ ስለ ነበረ፣ አሁን ተነሥቼ ስቆም አንዳንድ እናቶች ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ሲሉ አይቻለሁ። ዛሬ ማንም አልሞተም፤ ተረጋጉ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ወድጄ አይደለም። አባቴ ጭሰኛ ነበር። ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሲቋቋም እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ማዳበሪያውን፣ ምርጥ ዘሩን፣ የፈረንጅ ክልስ ላሙን ያመጣው ካዱ ነው። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ዳሩ ግን ስንዴው ሲያምርና ገንዘብ ሲያመጣ ያዩ ባለመሬቶች «እንዲህ ከሆነስ ለምን ራሳችን አናርሰውም?» አሉና ትራክተር ይዘው መጡ፤ ብዙ ጭሰኛም ከመሬቱ ተነቀለ። አባቴ ከተነቀሉት አንዱ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ሬዲዮውን የሰማው የሰው ከብት ሲጠብቅ ነበር። ሬዲዮው ራሱም የሰው ነበር።

እኔ ደግሞ ጕልበቴን ይዤ በየአውድማው ተሰማራሁ። በመንሽ ማዝራት፣ ጆንያ መሸከም፣ በሬ እየነዱ ማበራየት የኔ ሥራ ነበር። አሁን ያሉ ልጆች «ማበራየት» ስላቸው የመብራት ኃይል ሠራተኛ የነበርሁ ይመስላቸዋል። በሬዎቹ እየዞሩ፣ እኛ እየዘፈንን፣ ጠላው እየተቀዳ አንድ አውድማ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ኮምባይነር የሚሉት መጣና የሦስት ቀኑን ሥራ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ጨረሰው። ስንዴው በአንድ በኩል፣ ገለባው በሌላው፤ ዘፈኑና ጠላው በየትም በኩል አልወጣም። እኔም አልወጣሁም፤ ሥራ ፈታሁ።

ዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ሲፈልግ ታዲያ ከተወዳደርነው ሦስት ሰዎች እኔ ተመረጥሁ። ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነው። ፈተናው ቀላል ነበር፤ ከገበያው ቆሞ መጣራትና ማዶ ያለው ሰው መስማት አለመስማቱን ማየት። የኔን ድምፅ እንኳን ማዶ ያለው ሰው ጭላሎ ተራራም ሰምቶታል ብለው ቀለዱ። ደመወዙን አልነግራችሁም፤ ወጣቶቹ ይስቃሉ። ወርሃዊ መዋጮ ግን አልከፍልም ነበር፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ሥራው ችግር ልናገር። ኢተያ እንደምታውቁት በሁለት ቋንቋ የምታለቅስ ከተማ ናት። ስለዚህ በአማርኛም በኦሮምኛም እለፍፋለሁ፤ የመስጊድም የቤተ ክርስቲያንም ሰው አባላችን ነው። ከሁሉ የሚያሯሩጠኝ የእስላም ቀብር ነበር። ሼሁ ንጋት ላይ ካረፉ ከቀትር በፊት አፈር ይለብሳሉና እኔ ጫማዬን ሳላጠልቅ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ በባዶ እግሬ ግማሹን ቀበሌ ከለፈፍሁ በኋላ ነው ጫማዬ በእጄ እንዳለ ያየሁት። ጥሩምባው ነው ቤት የቀረው።

ትልቁን ጥፋቴን ግን ብደብቀው ደስ ባለኝ፤ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። በዚህ ከተማ «የወፍጮ ቤቱ» የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ሁለተኛው ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖሩት። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ አንድ ልጅ መጥቶ «የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዐረፉ» አለኝ። እኔም አልጠየቅሁም፤ ባለ ወፍጮውን ገደልኋቸው። ሦስት ቦታ ነፋሁ፤ አራተኛው በደጃፋቸው ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡና «ማን ነው የሞተው?» አሉኝ። ጥሩምባው ከአፌ አልወርድ አለ። «እርስዎ ነዎት» ማለት ይከብዳል እኮ!

እሳቸው ግን ሰው ናቸው፤ ሳቁ። ያልሳቀው ሌላው ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባለቤታቸው እሪ አሉ፣ ሁለት አበዳሪዎች መጡ፣ አንድ ዘመድም ወፍጮውን ማን እንደሚወርስ ጠየቀ። በዚያ ቀን ያወቅሁትን ሰው በዐሥር ዓመት አላወቅሁም ነበር ይሉ ነበር። ከዚያም ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። በእውነት ያረፉ ቀን ታዲያ ስለፍፍ ሕዝቡ «ተው፣ እንደ ያኔው ነው» ብሎ ተኛ። ለቀብሩ ሰው የተሰበሰበው ዘግይቶ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

የመኸር ወቅትም የራሱ ፈተና ነበረው። በኅዳር መጨረሻ ኮምባይነር ተራ ደርሶት የቆመ ገበሬ ጥሩምባ አይሰማም። ጩኸቱ ነው እንዳልል ሲቆምም አይሰማም። አንዱን እጁን ይዤ «ጎረቤትህ ሞቶ» ብለው «ሬሳው ይጠብቀኛል፤ ኮምባይነሩ አይጠብቀኝም፤ ነገ ቢዘንብስ?» አለኝ። ተናደድሁበት። ቆይቼ ሳስበው ግን ዝናብ የመታው ስንዴ በማሳው ላይ ሲበቅል ያየ ሰው የሚናገረውን ነው የተናገረው። መቀጮውንም ሳያጕረመርም ከፍሏል። እናንተ ፍረዱ።

አሁን ወደ ጤናዬ ልምጣ፤ የተጠራሁትም ለዚሁ ይመስለኛል።

በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ጥሩምባውን ስነፋ ጀርባ ጀርባዬን፣ ማጅራቴን ያመኝ ጀመር። ባለቤቴ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አጠነችኝ። ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ነው መድኃኒቱ አለ፤ ለአንድ ወር ሰው ሁሉ ሸሸኝ። ሌላው ሽፈራው ቅጠል አመጣ፣ ሌላው ፌጦ። ሁሉንም ወሰድሁ። እኔ ሳንባዬ ያለቀ መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ስለ ቀብሬ አስብ ነበር፤ ይልቁንም ማን እንደሚለፍፍልኝ።

በመጨረሻ ልጄ እየጎተተች ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። አንዲት ወጣት ነርስ ክንዴን አስራ ነፋች፣ ነፋች፤ እኔም በልቤ «ይቺ ልጅ ለኔ ሥራ ትሆናለች» አልሁ። ከዚያ ደነገጠችና እንደገና ለካች። 190 በ110 ነበር። «አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ጥሩምባ ነፊ ነኝ» አልኋት። ብዕሯን አስቀመጠች።

ያስረዳችኝን ላስረዳችሁ። ደም ግፊት በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ የላይኛው ልብ ደሙን ስትገፋ፣ የታችኛው ስታርፍ ያለው ነው። ሁልጊዜ ሲለካ ከ140 በ90 ጀምሮ ወደ ላይ ከሆነ በሽታ ነው ይባላል። ተንኮሉ ደግሞ አለማሳመሙ ነው። እኔን ያመመኝ ዕድሌ ነው አለችኝ፤ ብዙ ሰው ምንም ሳያመው ዓመታት ይኖርና አንድ ቀን ይወድቃል። ጨው ቀንስ፣ በየቀኑ ተራመድ፣ ኪኒኑንም በየቀኑ ውሰድ አለችኝ።

ጨው ቀንስ ማለት ቀላል ነው። ባለቤቴ ወጡን ያለ ጨው ሠርታ ስታቀርብልኝ የመጀመሪያ ቀን አለቀስሁ፤ ሁለተኛ ቀን ጎረቤት ሄጄ በላሁ። ኪኒኑን ደግሞ እኔ በራሴ ጥበብ ራሴን ባመመኝ ቀን ብቻ አደረግሁት። ካላመመኝ ለምን አባክነዋለሁ? ያውም የሩቅ ጎረቤቴ «ትንሽ ማጅራቴን ይዞኛል፤ ካንተ ኪኒን አንድ አበድረኝ» ሲል እንደ ስኳር አበድረው ነበር። መልሶልኛል፤ የመለሰልኝ ግን የራስ ምታት ኪኒን ነበር። እዚህ ተቀምጧል፤ አላየውም።

በ2010 ዓ.ም. በአንድ ማለዳ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ጥሩምባውን ወደ አፌ ሳነሣ ግራ እጄ አልታዘዝ አለ። አፌም ጥሩምባውን አልይዝ አለ፤ ወዲያው ወደቅሁ። የሚያስቀው ይህ ነው፤ ሰው ቤቱ ሆኖ ጥሩምባ ይጠብቃል፣ ጥሩምባ ነፊው ግን መሬት ላይ ነው። ጥሩምባ ነፊ ሲወድቅ ማን ይለፍፋል? ብዙ ደቂቃ ከተኛሁ በኋላ እንጀራ ልትሸጥ የወጣች ሴት አየችኝ። እሷም መጀመሪያ ያሰበችው ሰክሯል ብላ ነው። ቀጥሎ የመጡት ደግሞ አፌ መጣመሙን አይተው «ነፋስ መቶታል፤ ቤት ወስዳችሁ አጥኑት» አሉ። እንጀራ ሻጯ ናት «ሐኪም ቤት!» ብላ የጮኸችው። በባጃጅ ወደ አሰላ ተጫንሁ። ቁሉምሳን ሳልፍ የምርምር ጣቢያውን የስንዴ ማሳ አይቼ «ለሰንዴው ዋግ ሐኪም አለው፤ ለኔስ ይገኝ ይሆን?» ማለቴን ልጄ ትናገራለች። ምላሴ ስለ ተሳሰረ ግን የሰማችው «ዋግ፣ ዋግ» የሚለውን ብቻ ነው።

እግዜር ይስጥልኝና እጄም አፌም በጥቂት ቀን ተመለሱ። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ነገረኝ፤ ይህን ስሙኝ። አፍ በድንገት ሲጣመም፣ አንድ ወገን እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል ሰዓት የሚሰጥ ነገር አይደለም። በማጠን ያለፈው ሰዓት አይመለስም። ደግሞ እኔ «ጥሩምባው ነው የገደለኝ» ስለው «አይደለም፤ ያልዋጧቸው ኪኒኖች ናቸው» አለኝ። ሆኖም ጥሩምባ መንፋት ክልክል ሆነ።

ዕድሩ ያን ጊዜ አልጣለኝም። ኮሚቴው የእጅ ድምፅ ማጉያ ገዛልኝ። ይህ ዕቃ ብዙ ቁልፍ አለው። የመጀመሪያ ቀን «የዕድራችን አባላት ስሙ!» ብዬ ቁልፉን ስጫን የልደት ዘፈን ዘፈነ። እንዴት እንደሚጠፋ ስላላወቅሁ ከጋቢዬ ሥር ከትቼ እስኪደክመው ጠበቅሁ፤ አልደከመውም። የሟቹ ልጅ ባትሪውን አወጣልኝ። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ዛሬም እጠይቃለሁ።

መራመዱንም ጀመርሁ። በአርሲ ግን መራመድ ነውር ነው መሰለኝ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ ተወልዶ፣ ደራርቱ ቱሉ በቆጂ አካባቢ አድጋ፣ እሷ በ1984 በባርሴሎና፣ እሱ በ1988 በአትላንታ በዐሥር ሺሕ ሜትር ወርቅ ካመጡ ወዲህ ልጆቹ በመንገድ ላይ ሲያዩኝ «አባባ፣ ሩጥ እንጂ!» ይሉኛል። አንድ ቀን እውነትም ትንሽ ሶምሶማ ልበል ብዬ ብነሣ ያየኝ ሁሉ ከቤት ወጣ። ጥሩምባ ነፊ በማለዳ ከሮጠ ምን ይባላል? አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እስከ አስፋልቱ ተከተሉኝ። «ማን ነው? ማን ነው?» «ኧረ እኔ ነኝ፤ ለጤናዬ ነው!» ብላቸው ተቆጡኝ። አሁን የምራመደው በዝግታ፣ ግራ ቀኝ ሰላምታ እየሰጠሁ ነው።

ስለ 2012 ዓ.ም. ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ፤ በሚያዝያ ላይ ደግሞ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ተከለከለ። ድንኳናችን በዕቃ ቤት ተቆለፈ። እኔም በሕይወቴ ለፍፌ የማላውቀውን ለፈፍሁ፤ «ዐርፈዋል፤ አትምጡ»። ሠላሳ ዓመት «ኑ» ያለ አፍ «አትምጡ» ሲል ቃሉ አይወጣም። አንድ ጊዜ ከልማድ የተነሣ «አትምጡ፤ ቀብር በሰባት ሰዓት ነው» ብያለሁ። ሰዎች በየደጃቸው ቆመው ከሩቅ አጎንብሰው ሸኙ። ሰው በየደጁ ቆሞ ሲያለቅስ የሚሰማው ድምፅ ድንኳን ውስጥ እንደሚሰማው አይደለም፤ የተበታተነ ነው።

ከዚያ የስልኩ ነገር መጣ። በ2013 ዓ.ም. ኮሚቴው ሞት በስልክ መልእክት እንዲነገር ወሰነና እኔ በክብር ተሰናበትሁ። ጋቢ ተሰጠኝ፤ እሱን ነው የለበስሁት። ስልኩ ፈጣን ነው፣ አይወድቅም፣ ኪኒን አይፈልግም። የራሱ ጕድ ግን አለው። አንድ ሽማግሌ አባላችን የኀዘን መልእክት ሲደርሳቸው የሚያለቅስ ፊት መስሏቸው እንባው እስኪፈስ የሚስቅ ፊት ይልኩ ነበር። ለአራት ሟች ልከዋል። የነገራቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አይነኩም።

ይህ የሚያስቅ ነው። ቀጥሎ የምነግራችሁ አያስቅም።

ከገበያው ማዶ ስልክ የሌላት አንዲት ባልቴት አለች፤ ስሟን አልጠራም፤ ፈቅዳ ነው የምናገረው። አርባ ዓመት ቡና አብረው የተጣጡ ጓደኛ ነበረቻት፤ ቤታቸው የሚለያየው በአንድ ጅረት ነው። ጓደኛዋ ዐረፈች፤ መልእክቱ ለሁላችንም ደረሰን። እሷ አልሰማችም። ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው፤ ጎረቤቶቿም ሰምታለች ብለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ቡና አፍልታ፣ ቄጠማ ጎዝጕዛ፣ ጓደኛዋን ልትጠራ ጅረቱን ተሻገረች። ድንኳኑን አየችው።

በማግስቱ እቤቴ መጣች። አልተቈጣችም። «ጥሩምባህ የት ሄደ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

የቀብሩ ዕለት ማለዳ በደጇ አልፌያለሁ። እየተራመድሁ ነበር፤ መልእክቱ በኪሴ ነበር። ቆማ ደጇን ስትጠርግ «እንደምን አደርሽ?» ብያታለሁ፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላኛለች። አልነገርኋትም፤ ሥራው የኔ አይደለም ብዬ ነው፤ ስልኩ ይነግራል ብዬ ነው። ለዚያ ሰው የሚሰጠው ኪኒን የለም።

ስለዚህ ለኮሚቴው ሁለት ነገር አቀርባለሁ፤ ድምፅ ይሰጥበት። የመጀመሪያው፣ ጸሐፊያችን ስልክ የሌላቸውን፣ ማንበብ የማይችሉትንና ዐይናቸው የደከመውን አባላት ይመዝግቡልኝ። እኔ ሐኪም ባዘዘኝ መሠረት በየማለዳው ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ፤ ሰው ባረፈ ቀን እግሬን በእነሱ ደጅ በኩል አደርገዋለሁ፤ በር አንኳኩቼ በአፌ እነግራለሁ። ገንዘብ አልጠይቅም። መዋጮዬን ግን እንደ ድሮው ብትተዉልኝ አልቀየምም።

ሁለተኛው የደም ግፊት መለኪያ ይገዛ የሚለው ነው። በየወሩ መዋጮ ስንከፍል በዚያው ክንዳችንን እንለካ፤ ከአባሎቻችን መካከል ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ፤ ፈቃደኛ ናቸው። ባለፈው ስብሰባ ይህን ሳነሣ አንድ ወንድሜ «ዕድር የሞት እንጂ የበሽታ አይደለም፤ ሟርት አታምጣብን» አለኝ። አልፈርድበትም፤ የቆየ ሥርዓት ነው። ዳሩ ግን የኤች አይ ቪ ጊዜ ብዙ ዕድሮች ሕመምተኛና ወላጅ አልባ ልጅ መርዳት ጀምረው ነበር፤ ሟርት አልሆነባቸውም። የማኅበረሰብ ጤና መድኑም ቢሆን በ2003 ዓ.ም. በዐሥራ ሦስት ወረዳ ለሙከራ ሲጀመር ሐሳቡ የዕድር ሐሳብ ነው፤ ደህና ሳለህ ታዋጣለህ፣ ሲከፋህ ይደርስልሃል። እኛ ለሬሳ ሳጥን ሳንሰለች እያዋጣን ለአንዲት መለኪያ ከተከራከርን እንግዲህ እንጃ። ያበደርሁት ጎረቤቴም መለኪያው ቢመጣ የመጀመሪያው ተለኪ እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ ኪኒኔን በዚያ ይመልስልኝ።

ጥሩምባው እስካሁን እኔ ዘንድ ነው፤ የዕድሩ ንብረት ስለሆነ ዕቃ ቤቱ መዝገብ ላይ «በእጅ ያለ» ተብሎ ተጽፏል። ለወጣት የምታስተምሩት ከሆነ አስረክባለሁ፤ አፉ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ በወደቅሁበት ቀን ነው። ልትረከቡ የምትመጡ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ኑ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ነኝ። ከሮጥሁም አትደንግጡ፤ ለጤናዬ ነው።